ሰሜን ሸዋ ላይ የሚሠራ የጌም ኮምፒውተር፦ በመካከለኛ በጀት ዕቃዎቹን እንዴት እንምረጥ?

ስለ ጌም ኮምፒውተር የሚጻፉና በቪዲዮ የሚቀርቡ ምክሮች አብዛኞቹ የሚነሡት የጨዋታውን ምስል ከሚሠራው ክፍል፣ ከግራፊክስ ካርድ ነው። መካሪዎቹ የሚኖሩበት አገር መብራት አይዋዥቅም፤ የተበላሸውን ዕቃ በፖስታ መልሰው በሳምንቱ ሌላ ይቀበላሉ። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ላይ ኮምፒውተር ለሚያስገጣጥም ሰው ግን አንድ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሲቃጠል አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይከተላል። የመንገዱ ወጪና የባከነው ቀን ሲደመር ርካሽ የተባለው ዕቃ ውድ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበትን ቤት አየርና መብራት አስቀድመን እናያለን፤ ግራፊክስ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መካከለኛ የምለው ኮምፒውተር አዳዲስ ጨዋታዎችን በ1080ፒ ስክሪን በጥሩ ጥራት በሰከንድ 60 ምስል ገደማ የሚያጫውት፣ ቀለል ያሉትን ደግሞ ከ100 ምስል በላይ የሚያሳይ ነው።

የገንዘቡ ድልድል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዛሬ በብር የሚጻፍ ዋጋ በወሩ ያረጃል፤ ድልድሉ ግን ብዙም አይለወጥም። ካላችሁ ከእያንዳንዱ መቶ ብር 35ቱን ለግራፊክስ ካርድ፣ 14ቱን ለፕሮሰሰር (ለኮምፒውተሩ አንጎል)፣ 12ቱን ለማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ ለሚሰካበት ሰሌዳ)፣ 9ኙን ለራም (ለጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ)፣ 8ቱን ለኤስኤስዲ (ጨዋታና ፋይል ለሚቀመጥበት)፣ 8ቱን ለፓወር ሰፕላይ፣ 5ቱን ለኬዝ መድቡ። የቀረው 9 ብር ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚያቆየው) እና ለመብራት መከላከያ ነው። ሞኒተሩ ከዚህ ውጭ ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ ላይ ክፉኛ ስለተወደደ ያ 9 ብር ላይበቃ ይችላል። ሲጎድል ከኬዙ ውበትና ከማዘርቦርዱ ጌጥ ቀንሱ። ከፓወር ሰፕላዩና ከመብራት መከላከያው ላይ አንድ ብር እንኳ አትንኩ።

ደረጃ 1፦ ምን ትጫወታላችሁ? በምን ስክሪን?

እንደ ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉት ጨዋታዎች ይበልጥ የሚያደክሙት ፕሮሰሰሩን ነው። እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ያሉት ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ያንበረክኩታል። የእግር ኳስ ጨዋታዎች ከሁለቱም መጠነኛ ጉልበት ይጠይቃሉ። የምትጫወቱትን አራት ወይም አምስት ጨዋታ ወረቀት ላይ ጻፉና አምራቾቹ ከሚያወጡት "የሚመከር" መስፈርት ጋር አስተያዩ። "ዝቅተኛ" የሚለው መስፈርት ጨዋታው መከፈቱን እንጂ መጫወት መቻሉን አይነግራችሁም።

ስክሪኑ የካርዱን ሸክም ይወስናል። 1080ፒ ማለት 1920 በ1080፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው። 1440ፒ ደግሞ 2560 በ1440 ሲሆን ወደ 3.7 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ካርዱ እያንዳንዱን ምስል ለመሥራት የዚያኑ ያህል ተጨማሪ ይለፋል። በመካከለኛ በጀት 1080ፒ ይበቃል። ፍጥነቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚያሳየው ምስል ብዛት፣ ግን ከ60 ኸርዝ ከፍ ይበል። 60 ኸርዝ ሞኒተር ካርዱ በሰከንድ 140 ምስል ቢሠራ እንኳ ከ60 በላይ አያሳይም፤ ለጉልበቱ የከፈላችሁት ገንዘብ ዓይናችሁ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። አሁን 144 ኸርዝ ሞኒተር በዋጋ ከ60ው ብዙም የማይርቅበት ሱቅ አይጠፋም፤ ፈልጉት።

ደረጃ 2፦ የቤታችሁ አየር

ሰሜን ሸዋ አንድ አየር የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቆላ ውስጥ ናችሁ።

ፋን የሚያቀዘቅዘው በሚያንቀሳቅሰው አየር ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ደግነቱ የደጋው ክፍል ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱን ብርዱ ይሞላዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ አየሩ ወፈር ይላል፤ ክፍሉ ግን ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ የዕቃው ሙቀት ደግሞ ሁልጊዜ የሚጨመረው በክፍሉ ሙቀት ላይ ነው። በቆላ የምትኖሩ ሁለት ወይም ሦስት ፋን ያለው ግራፊክስ ካርድና ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ የግድ ያስፈልጋችኋል። በደጋ ያላችሁ በዚህ በኩል ትንሽ ትርፍ አላችሁ፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የሚመጣው ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ይበቃችኋል።

መንዝ ላይ ላላችሁ ደግሞ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የንባብ ጭንቅላቱ ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ለዚህ ነው ብዙ የሃርድ ዲስክ አምራቾች የሥራ ከፍታ ጣሪያውን 3,048 ሜትር ላይ የሚያቆሙት። መሐል ሜዳና አካባቢዋ ከዚህ መስመር ጋር ይጋፋሉ። እዚያ ላይ ፎቶም ሆነ ጨዋታ በሚሽከረከር ዲስክ ማስቀመጥ አልመክርም፤ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ስጋት የለበትም።

ደረጃ 3፦ መብራቱና ፓወር ሰፕላዩ

ብዙ ሰው ኮምፒውተር የሚያቃጥለው የመብራት ማነስ ይመስለዋል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይሠራል፤ ቮልቴጁ ቢወርድ ብዙ አይቸገርም፣ ቢብስ ይጠፋል። አደጋው ያለው ከላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት አንዱ ነው። የባሰው ግን የኒውትራል (የመመለሻው) ሽቦ ሲበጠስ ነው፤ ያን ጊዜ 220 ቮልት ይገባበት የነበረው ቤት እስከ 380 ቮልት ሊገባበት ይችላል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ኮምፒውተር በአንድ ቀትር አብረው የሚቃጠሉት በዚህ ዓይነት ብልሽት ነው።

መከላከያው ሁለት ንብርብር አለው። ከግድግዳው ቀጥሎ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ይግባ፤ ለፍሪጅ የሚሸጠው ዓይነት ይሆናል። ከእሱ ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ከዩፒኤሱ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ። የምትገዙት ዩፒኤስ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ከሆነ የተለየ ስታቢላይዘር አያስፈልጋችሁም። መብራቱ ቀኑን ሙሉ ሲዋዥቅ የሚውልበት ሰፈር ከሆነ ግን ስታቢላይዘር ከዩፒኤሱ በፊት ጨምሩ፤ አለዚያ ዩፒኤሱ በየደቂቃው ወደ ባትሪ እየዞረ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ዩፒኤስ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር አትመኑ። "650 ቪኤ" የሚል ዩፒኤስ በዋት ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ400 በታች ነው። እዚህ የምንገጣጥመው ኮምፒውተር ከሞኒተሩ ጋር በጨዋታ ጊዜ 300 ዋት ገደማ ይበላል። ስለዚህ 1000 ቪኤ የሆነና 600 ዋት የሚል ምረጡ። እሱም ቢሆን የሚሰጣችሁ ጨዋታውን አስቀምጣችሁ በሰላም የምታጠፉበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ የተቆራረጠ በመሆኑ ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማማም፤ መብራት በጠፋ ቅጽበት ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ሰክታችሁ፣ ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ነቅላችሁ ሞክሩት።

የክረምቱን ነጎድጓድ ግን አንዳቸውም አይችሉትም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፤ የኢንተርኔቱን ገመድም ጭምር።

ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንምጣ። ለዚህ ኮምፒውተር 550 ዋት ይበቃል፤ ቢበዛ 650። ዋናው እውነተኛ መሆኑ ነው። በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ፈልጉና 12 ቮልት በሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። 45 አምፔር ከሆነ 540 ዋት ነው፤ ደህና ነው። ካርቶኑ ላይ 550 ብሎ 12 ቮልቱ ላይ 25 አምፔር ከጻፈ ግን እውነተኛ ጉልበቱ 300 ዋት ነው፤ ተዉት። "80 ፕላስ" የሚል፣ መብራት እንደማያባክን የሚያሳይ ምልክት ያለውን፣ በእጅ ሲያዝ ከበድ የሚለውን ምረጡ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው የቆየ አሠራር ነው። የግድ እሱን ካገኛችሁ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ከኬዝ ጋር "በነፃ" ተገጥሞ የሚመጣውን ፓወር ሰፕላይ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት።

የቤታችሁ ሶኬት የመሬት መስመር እንዳለውም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። የኬዙ ብረት ሲነካ እጅን የሚነዝር ከሆነ መስመሩ የለም ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ግራፊክስ ካርዱ

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። ሦስት ነገር እዩ፦ የካርዱ ማህደረ ትውስታ፣ የሚበላው ዋት፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር።

ማህደረ ትውስታው ከ8 ጊጋባይት አይነስ። አዳዲስ ጨዋታዎች የምስል ልባሳቸውን የሚያከማቹት እዚያ ነው፤ ሲሞላ ጨዋታው በየመሐሉ ይንተፋተፋል፣ ፍጥነት ያለው ካርድም ቢሆን ከዚያ አያድነውም። የ4 ወይም የ6 ጊጋባይት ካርድ በርካሽ ብታገኙም ዕድሜው አጭር ነው።

ለበጀታችን የሚሆኑትን ልዘርዝር። ራዴኦን አርኤክስ 6600 8 ጊጋባይት ያለው፣ 132 ዋት የሚበላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ካርድ ነው። ዕድሜው ገፋ ቢልም 1080ፒን አሁንም በወግ ይችላል፤ ገንዘቡ ለጠበበበት ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ስላለው ይወደዳል፤ 170 ዋት ይበላል። ግን ተጠንቀቁ፦ በዚያው ስም የተሸጠ የ8 ጊጋባይት ዓይነት አለ፤ ማህደረ ትውስታው ያነሰ ብቻ ሳይሆን የመረጃ መስመሩም ከ192 ወደ 128 ቢት ስለጠበበ ጉልህ በሆነ ልዩነት ይዘገያል። ሻጩ "ያው 3060 ነው" ሲላችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 8 ጊጋባይት ይዞ 115 ዋት ብቻ ይበላል። አርኤክስ 7600 በፍጥነት ይቀራረበዋል፣ የሚበላው ግን 165 ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡትን አርቲኤክስ 5060ን እና አርኤክስ 9060 ኤክስቲን በጀታችሁ ከደረሰባቸው እዩአቸው፤ የኋለኛው ባለ 16 ጊጋባይት ዓይነት ለዓመታት የሚያቆይ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ቤት አንዱን ምረጥ ብባል 4060ን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ፍጥነቱ አይደለም፤ ዋቱ ነው። 115 ዋት የሚበላ ካርድ አነስ ያለ ዩፒኤስ ይበቃዋል፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ላይ ይቆያል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ክፍሉን አያግልም፣ ፋኑም አይጮህም። በሌላ አገር የሚደረጉ ንጽጽሮች ይህን ነጥብ በአንድ መስመር አልፈውት ይሄዳሉ፤ ለእኛ ግን በየቀኑ የምንኖርበት ነው።

የኢንቴሉ አርክ ቢ580 12 ጊጋባይት አለው፣ ለገንዘቡም ብዙ ይሰጣል። ነገር ግን 190 ዋት ይፈልጋል፤ "ሪሳይዘብል ባር" የሚባለው የማዘርቦርድ ቅንብር ካልበራ ጉልበቱ በእጅጉ ይወድቃል፤ በቆየ ፕሮሰሰር ላይም ይዳከማል። አዲስ ኮምፒውተር ለሚገጣጥም ሰው ይሆናል፣ የቆየውን ለሚያድስ ሰው አይሆንም።

የመስመሩ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 6600፣ 7600፣ 4060 እና ቢ580 በ16 መስመር ፈንታ በ8 መስመር ነው የሚገናኙት። አራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ባለው ማዘርቦርድ ይህ ችግር የለውም። በሦስተኛው ትውልድ ላይ ግን የመተላለፊያው ፍጥነት በግማሽ ስለሚቀንስ በተለይ ማህደረ ትውስታው ሲሞላ ጉዳቱ ይታያል። ይህን ይዘን ወደ ቀጣዩ እንለፍ።

ደረጃ 5፦ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም

እነዚህ ሦስቱ አይነጣጠሉም፤ አንዱን ስትመርጡ ሁለቱን መርጣችኋል።

በዝቅተኛው ዋጋ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 ባለ 6 ኮር (የሥራ ክፍል) እና 12 ተሬድ (አብሮ የሚሠራው ሥራ ብዛት) ፕሮሰሰር ነው፤ 65 ዋት የሚል ሲሆን በካርቶኑ ማቀዝቀዣ አብሮት ይመጣል። ከጎኑ የሚሸጠው 5500 በስም ቢመሳሰልም ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ግማሽ ነው፣ ፒሲአይ ኤክስፕረሱም ሦስተኛው ትውልድ ነው፤ 5600ጂም እንዲሁ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ባለ 8 መስመር ካርዶች ከእነዚህ ጋር ሲገጠሙ ይታነቃሉ። ለ5600 የሚስማማው ማዘርቦርድ ቢ550 ነው። ቢ450 ካገኛችሁ ይሠራል፣ ነገር ግን ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም) መታደሱን ሻጩ አስነሥቶ ያሳያችሁ፤ ያልታደሰው ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። የመስመሩ ትውልድም ሦስተኛው ነው።

በኢንቴል በኩል ኮር አይ5-12400 አለ፤ እሱም 6 ኮርና 12 ተሬድ ነው። በመጨረሻው "ኤፍ" የሚል ፊደል ያለበት ርካሽ ነው፣ ምክንያቱም በውስጡ የምስል ክፍል የለውም። እዚህ ላይ ከብዙ መካሪዎች እለያለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ "ኤፍ" የሌለውን ግዙ። ግራፊክስ ካርዱ አንድ ቀን ቢታመም የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ፤ የተበላሸው ካርዱ መሆኑንም አዲስ አበባ ሳትሄዱ ታውቃላችሁ። ማዘርቦርዱ ቢ660 ወይም ቢ760 ይሁን። ኤች610 ይሠራል፣ ብዙዎቹ ግን ሁለት የራም ማስገቢያ ብቻ ስላላቸው በኋላ መጨመር ያስቸግራል።

ገንዘቡ የሚፈቅድለት ኤኤም5 ወደሚባለው የኤኤምዲ አዲስ የፕሮሰሰር ሶኬት ይሂድ፦ ራይዘን 5 7600፣ ከዲዲአር5 ራም ጋር። ኤኤምዲ ይህን ሶኬት ቢያንስ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. እንደሚደግፍ አስታውቋል፤ ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳትነኩ ፕሮሰሰሩን ብቻ ማሳደግ ትችላላችሁ። 7600 ትንሽ የምስል ክፍልም በውስጡ አለው። ራም በተወደደበት በዚህ ጊዜ ግን ዲዲአር4 የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ በተለይ ራሙን ከዚህ ቀደም ካላችሁ ወይም ያገለገለ ካገኛችሁ፣ ብዙ ብር ያተርፋችኋል።

ራሙ 16 ጊጋባይት ይሁን፤ በአንድ ዘንግ ሳይሆን ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ዘንግ። ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት ቻናል ያነባል፤ በአንድ ዘንግ ግን መንገዱ በግማሽ ይጠባል። ለዲዲአር4 ፍጥነቱ 3200፣ ለዲዲአር5 6000 ፈልጉ። ሁለቱ ዘንጎች ከአንድ እሽግ ቢወጡ ይመረጣል።

ደረጃ 6፦ ኤስኤስዲ

1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ፈጣን ኤስኤስዲ ግዙ። ከ100 ጊጋባይት የሚያልፉ ጨዋታዎች ስለበዙ 500 ጊጋባይት በሦስት በአራት ጨዋታ ይሞላል። ለጨዋታ በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም ስለማይታይ በዚህ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

የኢንተርኔት ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ግን አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። የጨዋታ መሸጫው ስቲም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ የቤት ውስጥ ኔትወርክ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ጨዋታን እርስ በርስ እንዲያስተላልፉ ፈቅዷል። ጓደኛችሁ ያወረደውን ጨዋታ እናንተም በስማችሁ ካላችሁ፣ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ቤቱ ሂዱና ከእሱ ቅዱት፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው የጎደለው ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ኬዝ

ፊቱ መስታወት የሆነውን ተዉት፤ ወንፊቱን ውሰዱ። ከፊት ሁለት ፋን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ፋን ወደ ውጭ። የሚገባው አየር ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም፤ በፊተኛው ማጣሪያ ላይ ይቀራል፣ እናንተም ትጠርጉታላችሁ። በበጋው ነፋስ ማጣሪያውን በየወሩ እጠቡት። ግራፊክስ ካርዱ በርዝመት እንደሚገባ ሳትለኩ ኬዝ አትግዙ።

ደረጃ 8፦ መግዛትና ማጓጓዝ

አዲስ አበባ ወርዳችሁ መርካቶም ሆነ ቦሌ ስትገዙ ዕቃው ሳይበራ ከሱቅ አትውጡ። ሲፒዩ-ዚ እና ጂፒዩ-ዚ የተባሉ፣ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ማንነት የሚያሳዩ ነፃ ፕሮግራሞችን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ ካርድ ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ይሸጣል፤ ጂቲኤስ 450 የነበረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ ይነሣል። ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን የዚህ ዓይነት ሐሰተኛ ካርዶች ለይቶ ያሳያል። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ያህል በከባድ ፕሮግራም አስሩጡት። ሙቀቱ 75 ወይም 80 ዲግሪ ቢደርስ አያስደነግጥም፤ ምስሉ ላይ ነጥብና መስመር ከታየ፣ ፋኑ ከተንጫረረ ወይም ኮምፒውተሩ ከጠፋ ግን መልሱት። ማህተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የዋስትናው ጊዜና የዕቃው መለያ ቁጥር በላዩ ይጻፍ። ለክፍለ ሀገር ሰው የዋስትናውን ጥያቄ ከክፍያ በፊት ማንሣት ይሻላል፦ "ቢበላሽ ዕቃውን በመኪና ልኬ መቀየር እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አጽፉ።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ገዝቶ ካርድ መጨመር የሚያስቡ አሉ። የሚቻል ነው፣ ልክ አለው እንጂ። ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ የራሳቸው ቅርጽ ያለው፣ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ከማዘርቦርዱ ብቻ መብራት የሚወስድ ካርድ ነው የሚችሉት፤ ለምሳሌ 70 ዋት የሚበላው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050። ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ተገጣጥሞ ከሆነ የሚመጣው፣ ግራፊክስ ካርዱን አስነቅላችሁ በካርቶኑ ያዙት። ከባዱ ካርድ በመንገዱ መናጥ ማስገቢያውን ይሰብራል። ላምበረት መናኸሪያ ስትደርሱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አታስጭኑ፤ እግራችሁ ሥር ወይም ጉልበታችሁ ላይ ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከውጭ ያስገባችሁትን ዕቃ ወዲያው አታብሩት። ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ ሁለት ሰዓት ያህል በካርቶኑ ይቆይ።

ደረጃ 9፦ መገጣጠም

የደጋው ደረቅ አየርና ሱፍ ሲገናኙ የማይታይ የኤሌክትሪክ ክምችት ይፈጥራሉ። የመንዝ ባና ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ለብሳችሁ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ ማዘርቦርድ አትንኩ። ዕቃውን ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ጥጥ ልብስ ልበሱ፣ ራምና ካርድ ከማንሣታችሁ በፊት የኬዙን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን ማዘርቦርዱ ከኬዝ ውጭ ሳለ ግጠሙ፤ ግራፊክስ ካርዱ የመጨረሻው ይሁን። ሁለቱን የራም ዘንጎች ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ አድርጉ፤ የማዘርቦርዱ መመሪያ ሌላ ካላለ በስተቀር።

ደረጃ 10፦ ከበራ በኋላ

ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩ፤ ካላበራችሁት 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል። ሪሳይዘብል ባርንም አብሩ። የሞኒተሩ ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው ካርዱ አይሠራም የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዊንዶውስ ውስጥ የሞኒተሩን ፍጥነት ራሳችሁ 144 ላይ አድርጉት፣ አዲስ ሞኒተር ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚነሣው።

በመጨረሻ በካርዱ ፕሮግራም ውስጥ የምስል ብዛት ገደብ አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን 60 ላይ ገድቡት፤ ካርዱ የሚበላው ዋት ይወርዳል፣ ዩፒኤሱም መብራት ሲጠፋ ከቀድሞው የበለጠ ደቂቃ ይሰጣችኋል።